የዝናብ ልብስ የለበሰው ሰውዬ

ስለ ግድያው በሬዲዮ የተናገርኩት አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ቴፒ ዳርቻ ላይ ተገድሎ ተገኘ፤ ፖሊስ ምርመራ ጀምሯል፤ እስካሁን የተያዘ ሰው የለም፤ መረጃ ያለው ሰው ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ተጠይቋል። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ከዚህ በላይ አላልኩም። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የማላውቀውን ሳልናገር መዋል አይከብደኝም።

የሚዛን ተፈሪን ሰው ግን ከበደው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ የወሰደኝ ባለባጃጅ በመስታወቱ እያየኝ፣

«እትዬ፣ በቃ ያችው ናት?» አለኝ።

«የተረጋገጠው ያ ነው።»

«ግሩፑ ላይ እኮ ገዳዩ ግራኝ መሆኑ ተረጋግጧል።»

«ማን አረጋገጠው?»

«ሰዉ ሁሉ ላይክ አድርጎታል!»

ግሩፑ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ነጋዴው በተገኘ ዕለት ማታ ተከፍቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው ከሚዛን እስከ ማሻ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ገባበት። እኔም ለሥራ ነው ብዬ ተቀላቀልኩ። ለሥራ አልነበረም ማለት አልችልም፤ ግን ምሳዬን አስረስቶ የሚያስቀኝ ሥራ ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

ከውጭ አገር የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። ካርታ አውጥቶ ገዳዩ የሸሸበትን መንገድ በቀይ ቀስት ይስላል። ቀስቱ ወንዝ ለወንዝ ስለሚሄድ ሰውዬው በዚያ በኩል ሸሽቶ ከሆነ እስከ ዛሬ እየዋኘ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ፣ «የሟቹ ውሻ ያልጮኸው ገዳዩን ስለሚያውቀው ነው» ብለው ጻፉ። የሟቹ ጎረቤት ነኝ ያለ ሰው «ውሻ አልነበረውም» ሲል መለሰ። ከሥሩ ወዲያው ሌላ ሰው፣ «ታዲያ ውሻውን ማን ወሰደው?» ብሎ ጠየቀ። ለሁለት ቀን ሕዝቡ ውሻ ሲፈልግ ሰነበተ።

ከሁሉም የባሰው የእጁ ጉዳይ ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ ገዳዩ እጁ ላይ በሳሙና የማይለቅ ጥቁር እድፍ አለበት አለ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም። ጊዜው ቀይ እሸት ቡና የሚለቀምበት ነበር። በዚህ አገር በዚያ ወቅት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከቀን ሠራተኛ እስከ ቢሮ ኃላፊ፣ ጣቱ ያልጠቆረ ሰው አይገኝም። ቅዳሜና እሁድ ሁሉም ማሳው ውስጥ ነው። በማግስቱ ገበያ ስወጣ ሰዉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይገበያያል። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችኝ። የእኔን ጣቶች አይታም፣ «ውይ፣ አንቺም!» አለችና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

እንዲህ ስንሳሳቅ የሟቹ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። ይህን አልረሳሁም። ቴፒ ሄጄ ሚስቱን አግኝቻታለሁ፤ ያለቻት ጥያቄ «አዲስ ነገር አለ?» የምትል ብቻ ነበረች። «የለም» አልኳት። «እግዜር ይስጥሽ፤ ሌላው ሁሉ አለ እያለ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ከእሷ ቤት ከወጣሁ በኋላ ግሩፑን ሙሉ ቀን አልከፈትኩም። በማግስቱ ከፈትኩ።

ለመክፈቴ ምክንያቱ ጉጉቱ ነበር። ከተሳታፊዎቹ ሁሉ የሚበልጠው፣ የራሱን ፎቶ ትቶ የጉጉት ወፍ ሥዕል የለጠፈ ሰው ነው። ሌላው ሲጮህ እሱ በሥርዓት ይጽፋል፤ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያለ ያስረዳል፤ ሲሳሳት «ይህንን እናቆየው» ይላል። ሰዉ «ጋሽ ጉጉት» እያለ ያከብረዋል። እንደ ባልደረባ እወደው ጀምሬ ነበር።

ቪዲዮውን የለጠፈው እሱ ነው። ነጋዴው በተገኘበት ዕለት ከቴፒ ወደ ሚዛን ከሚመጣ ሚኒባስ መስኮት የተቀዳ ነው። ይዘንባል። አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ለብሶ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የሳበ ሰው ሞተር ይነዳል፤ ከኋላው በእርጥብ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ ረዘም ያለ፣ ድብልብል ነገር በገመድ ጠፍሮ ጭኗል። ሞተሩ የእግረኛ ያህል እንኳ አይፈጥንም። ሚኒባሱ አልፎት ትንሽ እንደሄደ ሰውዬው በድንገት ሞተሩን ጥሎ፣ እጆቹን በጭንቅላቱ ዙሪያ እያወናጨፈ፣ ቡናው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እዚያ ላይ ያልቃል።

ጉጉቱ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አንደኛ፣ ንጹሕ ሰው በዝናብ እንዲህ ተጎትቶ አይነዳም። ሁለተኛ፣ ጭነቱ በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለው ሽታ እንዳያወጣ ነው። ሦስተኛ፣ የሮጠው ከሚያሳድደው ሰው አይደለም፤ ማንም የለም። የሚያሳድደው ሕሊናው ነው።»

ግሩፑ ተናወጠ። አንዷ ሰይጣን ይዞት ነው አለች። ሌላው ለተባባሪው ምልክት እየሰጠ ነው ብሎ፣ ቪዲዮውን እያቆመ የእጁን እንቅስቃሴ መተርጎም ጀመረ፤ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲሆን «ና»፣ ሁለቱም ሲሆኑ «ተያዝን» ማለት ነው አለ። እንባዬ እስኪመጣ እየሳቅሁ እንደገና ከፈትኩት። በሁለተኛው ላይ ሳቄ ቆመ።

የዝናብ ልብሱ ጀርባ ላይ ቢጫ እራፊ አለ። እራፊውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ውኃ ጠጣሁ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ጥርስህ እንዴት ነው?»

ጥርሴ አብጧል ብሎ ሱቁን ዘግቶ ከቤት ከቀረ ሰንብቷል።

«ደህና ነው» አለኝ። ድምፁ ግን ከትራስ ሥር የሚመጣ ይመስላል።

«መጣሁ።»

በሩን የከፈተልኝ ጋቢ ተከናንቦ ነው። ጋቢውን ገለጥኩት። ግራ ዓይኑ የለም። ከንፈሩ ለሁለት ሰው ይበቃል። ግንባሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል።

«ይሄ ጥርስ ነው?»

«እትዬ፣ እንዳትስቂ።»

«አልስቅም። ምን ነበር የጫንከው?»

«ቀፎ።»

«ባዶ?»

«ባዶ ቢሆን እንዲህ እሆናለሁ?»

ታሪኩን ለመረዳት አጎታችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ወንድሜ የሞተር መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ አርባ ሊሞላው ሲል ቴፒ የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት ወደደ፤ ወደደችው። አባቷ ጌጫ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቻችን መጀመሪያ የሄዱ ዕለት አባትየው ስለ ሥራው ጠየቁ፤ ስለ ጠባዩ ጠየቁ፤ በመጨረሻም «ቀፎስ አለው?» አሉ። አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በቤታችን ንብ የሚታየው ስኳር ሲደፋ ብቻ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው «የለውም» አይልም፤ እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም። አጎታችን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ቀፎ? ዛፉ እኮ መሸከም አቃተው!» አለ።

አባትየው ደስ አላቸው። ለመልሱ ቀጠሮ ሰጡና፣ ከዚያ በኋላ መጥቼ ዛፉን አያለሁ አሉ።

ስለዚህ ወንድሜ ከጌጫ በታች ካለ ሰው ዘንድ ንብ የገባበት ቀፎ ገዝቶ፣ አፉን በጭቃ አስደፍኖ፣ በእንሰት ቅጠል አስጠቅልሎ፣ ሚዛን ወስዶ የእኛ ማሳ ውስጥ ሊሰቅል በቀን ብርሃን በሞተር ጫነው። ዝናቡ ጭቃውን አራሰው። መንገዱ ቀሪውን ሠራ።

«በኮፍያው ውስጥ ነው የገቡት» አለኝ። «በአንገቴ በኩል። እትዬ፣ ኮፍያው ውስጥ ሲያወሩ ይሰማኛል!»

አልስቅም ብዬ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ለፖሊስ እንሂድና ንገር» አልኩት ስመለስ። «ግሩፑን ያመኑ ልጆች መንገድ ላይ ሞተረኛ እያስቆሙ የዝናብ ልብስ መፈተሽ ጀምረዋል። ነገ አንዱን ይጎዳሉ፤ አንተን ካገኙ ደግሞ ንብ ነበር ብትል ማን ይሰማሃል?»

«ለፖሊስ ከተናገርኩ ግሩፑ ይሰማል። ግሩፑ ከሰማ እሷ ትሰማለች። ከእሷ ወደ አባቷ። ቀፎው የተገዛ መሆኑን ካወቁ አለቀ፤ ውሸታም አልድርም ብለው ከዚህ በፊት አንዱን መልሰዋል።»

«እሷ ግሩፑን ትከታተላለች?»

ያንን አንድ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። «እትዬ፣ ጉጉቱ እሷ ናት።»

ተቀመጥኩ።

«ደውላ፣ "ትንታኔዬን አየኸው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጎበዝ አልኳት። ለጥርሴ ብላ በሚኒባስ ረዳት መድኃኒት ልካልኛለች።»

«እና ወሰድከው?»

«ብትጠይቀኝስ?»

ፖሊስ ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። መርማሪውን ኢንስፔክተር ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ ቃል ቆጣቢ ነው። ግሩፑ ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል፤ በዚያው ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ ውሻውን አገኘሁት ብሎታል። የወንድሜን ቃል እስከ መጨረሻው ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣

«ንቦቹ የት ናቸው?» አለ።

«እዚያው ናቸው።»

«ማስረጃው ቦታው ላይ ነው እያልከኝ ነው?»

«ማስረጃው በርሮ ካልሄደ።»

መኪና አስነሥቶ ሦስታችን ሄድን። ሞተሩን የመንገዱ ዳር ነዋሪዎች ግቢያቸው አስገብተውለት ነበር። ቀፎውን ግን የነካው የለም። ቡናው ውስጥ በጎኑ ተኝቶ፣ ቅጠሉ ደርቆ፣ አንድ ጫፉ ተሰንጥቆ አገኘነው። ፀጥ ብሏል። ኢንስፔክተሩ ፎቶ አነሣ። ርዝመቱን ለካ። ከዚያም፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማረጋገጥ አለብኝ ብሎ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

ውስጡ ምን እንዳለ ተረጋገጠ።

ከኢንስፔክተሩ ቀድሞ የሮጠው ወንድሜ ነው፤ ልምድ አለው። ኢንስፔክተሩ ቆቡን ጥሎ ተከተለው። እኔ በረጋ መንፈስ፣ በተረጋገጠ መረጃ ላይ ተመሥርቼ፣ ሁለቱንም አለፍኳቸው። አስፋልቱ ላይ እጃችንን እያወናጨፍን ስንወጣ ከቴፒ የሚመጣ ሚኒባስ ፍሬን ያዘ፤ በየመስኮቱ ስልክ ወጣ።

ቤቴ ሳልደርስ ቪዲዮው ደረሰ። ግሩፑ ላይ ያለውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። «ፖሊስንም ያዘው!» ይላል አንዱ። የእጅ ምልክት ተርጓሚው ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ስለሮጠበት ሥራ በዝቶበት፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብሏል። ጉጉቱ ግን ዝም አለ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«እትዬ፣ ቪዲዮው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከኋላሽ የሚሮጠው፣ ፊቱ ያበጠው... የእኔ ሰውዬ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ያኛውስ? የዝናብ ልብስ የለበሰው?»

«እሱን ራሱን ብትጠይቂው ይሻላል።»

«ጥርሱን ነው ብሎኝ መድኃኒት ልኬለት!» አለችና፣ መጀመሪያ ለቅሶ የመሰለኝ፣ ቆይቶ ሳቅ መሆኑ የገባኝ ድምፅ አሰማች። ከዚያ በእውነት አለቀሰች። «ሰውን ነፍሰ ገዳይ አልኩት እኮ፣ እትዬ። የማላውቀውን ሰው። የማላውቀው ቢሆንስ ኖሮ?»

ጥያቄው እኔ ልመልስላት ከምችለው ሁሉ የተሻለ ነበር።

ከወንድሜ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ረጅም እንደነበር ግን ካስለቀሰው የስልክ ሂሳብ አውቄያለሁ። በዚያው ምሽት ጉጉቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ተሳስቻለሁ። የዝናብ ልብስ የለበሰው ሰው የጫነው ቀፎ ነው። የሮጠው ንብ ነድፎት ነው። ማንነቱ ለፖሊስ ይታወቃል፤ ከግድያው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሞተረኞችን ማስቆም ይቁም። ሟቹ ቤተሰብ አለው፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልጽፍም።» ጋዜጠኛ ሆኜ ስንት ማስተካከያ አንብቤያለሁ፣ ጽፌያለሁም። እንዲህ ሰበብ የሌለው አላየሁም።

የወንድሜን ስም አልጠራችም። ቀፎው የተገዛ መሆኑንም አልተናገረችም። ያ ለእሱ የተተወ ነበር፤ የመልሱ ቀንም ደረሰ።

ሴት ከሽማግሌ ጋር መሄድ የተለመደ አይደለም። አባትየው ግን የሬዲዮዋ እህት ትምጣ ብለው ስለላኩ፣ ከአጎታችንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጌጫ ወጣሁ። ጭጋጉ በቤቱ ደጃፍ ላይ ተኝቷል። ወንድሜ፣ ሙሽራ ስለማይቀርብ፣ ታች መንገዱ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ቀረ። ከመውረዴ በፊት እጄን ይዞ፣ «እትዬ፣ ከጠየቁሽ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ለቀቀኝ።

አጎታችን ስልክ የለውም፤ ስለ ግሩፑም ስለ ሩጫውም የሰማው የለም። የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሁላችንም ፈርተን ነው። ገና እንደተቀመጥን ስለ ዛፉ ማውራት ጀመረ። አባትየው በጥሞና ሰሙት።

«ዛፉ ምንድነው?» አሉ።

«ቀረሮ ነው! ቀና ብለው ሲያዩት ቆብ ይወድቃል።»

«ማሩስ?»

«እሱን ተዉት። ጎረቤት ሁሉ ሰልችቶታል።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የሬዲዮዋ ነሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አንቺ ስትናገሪ አምናለሁ። ትንሽ ነው የምትናገሪው። አሁንም ትንሽ ንገሪኝ። ልጁ ቀፎ አለው?»

ታች የቀረው ወንድሜ ታየኝ። አጎታችን በጎን በኩል በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እሷ እንደቆመች አውቃለሁ፤ እግሯ ይታያል።

«የለውም» አልኩ። «ኖሮትም አያውቅም። እርስዎን ደስ ለማሰኘት ንብ ያለበት ቀፎ ገዝቶ በሞተር ጭኖ ሲያመጣ ንቦቹ አምልጠው ነደፉት።»

አጎታችን ሳል ያዘው። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ጫማውን መመልከት ጀመረ።

አባትየው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣

«ያ የሚሮጠው?» አሉ።

«የቱ?»

«እንዲህ፣ እንዲህ የሚያደርገው!» ሁለት እጃቸውን በጭንቅላታቸው ዙሪያ አወናጨፉ።

«እሱ ነው።»

አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ መዳፋቸውም አልበቃ አለ፤ እየሳቁ ከመቀመጫቸው ተንሸራተቱ። መንደሩ ሙሉ ሳምንቱን ያንን ቪዲዮ ሲያይ ነው የሰነበተው። ከመጋረጃው ወዲያም ሳቅ ፈነዳ። እኔም ከወንድሜ ቤት ጀምሮ ያቆየሁትን ለቀቅሁት። አጎታችን ብቻ፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቅ፣ ተራ በተራ ያየናል።

አባትየው ዓይናቸውን ጠርገው ቁጭ አሉ። ፊታቸው ወደ ኮስታራነቱ ተመለሰ።

«ውሸታም አልድርም» አሉ። «ውሸቱ ግን የእሱ አይደለም፤ ሮጦ ከፍሎበታል። ይምጣና ከእኔ ጋር ይሥራ። ቀፎውን በእጁ ያብጅ፣ በእጁ ይስቀል። ንቦች በፈቃዳቸው የገቡ ቀን ሠርጉን እንቆርጣለን።»

«ባይገቡስ?» አለ አጎታችን።

«ዛፉ መሸከም አቃተው ያሉት እርስዎ አይደሉም? እርስዎ ይጠሯቸዋል።»

ወንድሜ ቅዳሜና እሁድ ጌጫ እየወጣ ቀፎ መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀፎ አባትየው ሲያዩት ምንም ሳይናገሩ ለማገዶ ሰጡት። ሁለተኛው ለዶሮ ሆነ። ሦስተኛውን ራሱ ወጥቶ ሰቀለው፤ መውረድ አቅቶት እሷ ከሥር ሆና እግሩን የት የት እንደሚያሳርፍ እየነገረች አወረደችው። ከዚያ ጥበቃው ነበር። ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ «ገቡ?» እላለሁ፤ «አልገቡም፣ እትዬ» ይለኛል። ቀን እያለፈ ሲሄድ መጠየቁን ፈራሁ። እሱም ስልክ ማንሣቱን ተወ።

የነጋዴው ገዳይ ይህን እስከምጽፍ አልተያዘም። ግሩፑ ቀስ በቀስ የማዳበሪያና የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ሆነ። እኔ አሁንም በየጊዜው ኢንስፔክተሩን እጠይቃለሁ፤ እሱም «ምርመራው ቀጥሏል» ይለኛል፤ የሟቹ ሚስት ስትደውልልኝ ያንኑ ሳልጨምር እነግራታለሁ።

አንድ ጠዋት እንደተለመደው ኢንስፔክተሩን ልጠይቅ ቢሮው ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። ይቅርታ ብዬ አነሣሁት።

«እትዬ! ገቡ! እትዬ፣ ገቡ!»

ጩኸቱ ኢንስፔክተሩንም ከወንበሩ አስነሣው። ከወንድሜ ድምፅ በስተኋላ የእሷ እልልታ ይሰማል። ከዚያም ከሩቅ፣ ከዛፉ ሥር፣ የአባትየው ቁጣ፦

«ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ! ታስወጣቸዋለህ!»